ያለ ውሃ የከበደው ባልዲ

ባለቤቴን ሰፈሩ በሙሉ «ግራም» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ባለሱቆች ናቸው። ለስድብ ብለው ነበር ያወጡት፣ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራው ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ሚዛን መመርመር ነበር። የሚዛን ድንጋዮቹን በቆዳ ሻንጣ ይዞ ይገባል፣ አንድ በአንድ ያስቀምጣል፣ ያነሳል፣ እንደገና ያስቀምጣል። ሦስት ጊዜ ሳይመዝን አይጽፍም። ልክ ከሆነ የእርሳስ ማኅተሙን ያደርግለታል። ልክ ካልሆነ ግን ባለሱቁ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ እግሩ ላይ ቢወድቅ ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሜን የሥጋ ቤት ሚዛን አሽጎበት ወንድሜ ዓመት ከመንፈቅ ደጃችንን ሳይረግጥ ቀረ። «ምን ነበረበት ዝም ብትለው?» ብዬ ስጮህበት «ዛሬ ለወንድምሽ ዝም ካልኩ ነገ ማንን ልናገር ነው?» አለኝና ጋዜጣውን ማንበብ ቀጠለ።

እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሴት ልብስ። እውነት የምትናገር ልብስ ሰፊ ደንበኛ የላትም። አንዲት ደንበኛዬ በየዓመቱ ትመጣለች፣ በየዓመቱ ወገቧ ሁለት ሁለት ጣት ይጨምራል፣ እኔም በየዓመቱ «ወይ አንቺ፣ ያው ነሽ እኮ!» እላታለሁ። ደብተሬ ላይ የድሮውን ቁጥር እንዳለ እተወውና ስፌቱን ሁለት ጣት ለቀቅ አደርገዋለሁ። ቀሚሱ ልክክ ይልላታል፣ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ማን ተጎዳ? እንግዲህ እኛ ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሠላሳ ዓመት ኖረናል፣ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ጡረታ ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንድ አሮጌ የወለል ሚዛን በስጦታ ሰጡት። ምን ነካቸው? ሰዓት አይሰጡትም? ለሦስት ወር ቤት ውስጥ ያልመዘነው ነገር የለም። ሳሙናው፣ ስኳሩ፣ የቁም ሳጥኑ መሳቢያ፣ የጎረቤት ድመት ሳትቀር ተመዘነች። አንድ ቀን የስፌት ማሽኔን ሚዛን ላይ ላወጣ ብሎ ወገቡ ተቀጨና ሦስት ቀን ተኛ። ከዚያ በኋላ መመዘኑንም ተወው። ጠዋት በሰዓቱ ይነሳል፣ ይላጫል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። እውነቱን ለመናገር፣ ድመቷን በመዘነበት ጊዜ ይሻል ነበር።

ድንቹ የመጣው እንዲህ ነው። ወጥ ቤት ቅርጫት ውስጥ የረሳኋቸው ድንቾች አቆጥቁጠው አገኘኋቸው። ልጥላቸው ስል እጄን ያዘኝ።

«ይሄ እኮ ዓይን አውጥቷል» አለ።

«ዓይን ያወጣ ሁሉ ያያል እንዴ?» አልኩት። አልሳቀም። ድንቹን ወደ መስኮቱ ወስዶ እያገላበጠ ሲያየው ቆየ። ስንት ሳምንት ሙሉ ግድግዳውን ብቻ ያየ ሰው ነው፣ እኔም ድንቹን ተውኩለት።

በማግስቱ ድንች እንዴት እንደሚበቅል ሊጠይቅ ወጣና ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። አትክልት ሻጯ «ጆንያ ውስጥ ነው የሚያምርበት» አለችው። ጎረቤታችን ሾፌሩ «ጎማ ደርድረህ አፈር ሙላበት፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም» አለው። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የሚያስተካክለውን ሰው ጆሮ ይዞ «ድንች መሬት ካልነካ ድንች አይደለም» ብሎ ማለለት። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን መርጦ ይተክል ነበር። ግራም ግን ሁሉንም ሊፈትን ተነሳ። ከግቢያችን ሲሚንቶ ያልነካው ቁራጭ መሬት ላይ አንድ መደብ፣ ከሾፌሩ ያመጣቸው ሁለት ጎማዎች፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጆንያ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን። ባልዲውን ከሥሩ እንደ ወንፊት በሳሳው፤ ልብስ የምዘፈዝፍበት ባልዲዬ ነበር።

ድንቾቹን ደግሞ በእንቁላል ትሪ ላይ ዓይናቸውን ወደ ላይ አድርጎ ደረደራቸው። የት? ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ነዋ። ትልልቆቹን ለሁለት ቆርጦ፣ ቁርጡ ላይ አመድ ነስንሶ፣ ሁለት ቀን አደረቃቸው። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ድንቹን ስታይ «እዚህ ምግብ ቤት ከፈታችሁ?» አለችኝ። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ።

ተተከለ። በቀለ። ግንዱ ከፍ ባለ ቁጥር አፈር ያስታቅፈዋል፤ ሥሩን አፈር ሲያለብሱለት ብዙ ይወልዳል ይባላል። ጆንያውም አፉ ተጠቅልሎ ነበርና አፈሩ ሲጨምር ከፍ ከፍ ይደረጋል። ደብተር ተገዛ። ባልዲው፣ ጆንያውና ሣጥኑ በየሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት ሚዛን ላይ ይወጣሉ። መደቡና ጎማው እንኳ ከሚዛን ተርፈዋል፣ የሚያነሳቸው የለም። ከተመዘኑ በኋላ ውሃ ይጠጣሉ፣ ስንት ብርጭቆ እንደጠጡ ይጻፋል፣ እንደገና ይመዘናሉ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሲመዘኑ ክብደታቸው ይቀንሳል። የቀነሰው ቁጥር በአንድ ዓምድ ሥር ይሰፍራል። የዓምዱ ርዕስ «ፀሐይ የወሰደችው» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ የእኔው ሞኝ ደግሞ ወረቀትም ጨምሮ ይዟል። ግን በላ፣ ጠጣ፣ እየተጫወተ ዋለ፤ እኔም ባልዲዬን ይቅር አልኩት።

በዚህ መሐል ነው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የመጣው። ጸሐፊዋ ራሷ ይዛው መጣች። አዲስ ሚዛን መርማሪዎች ተቀጥረዋል፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት መጥተህ አስተምርልን፣ መልስህን እስከ ወሩ መጨረሻ አርብ አሳውቀን ይላል። አምስት ጊዜ አነበበው። ፊቱ እንዴት እንደበራ ባያችሁ።

«አንተ ካላስተማርክ ማን ሊያስተምር ነው?» አልኩት።

«እስቲ አስብበታለሁ» አለ። ለማለት ያህል ነው እንጂ አስቦ ጨርሶ ነበር።

ታዲያ በዚያው ሳምንት ምን ቆርጦት እንደሆነ እንጃ፣ እጁን ባልዲው አፈር ውስጥ ሰደደና ፈለገ። ያገኘው አተር የሚያካክሉ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው። ገና ስለሆነ ነው፤ እሱም ያውቃል። ግን ሰው ጡረታ ሲወጣ አንድ ነገር ይሰበርበታል መሰለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «ድንች ማብቀል ያቃተው ሰው፣ ሰው ያስተምራል?» አለ። ያን ቀን ምሳውን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። በማግስቱም ግድግዳውን ሲያይ አገኘሁት።

እኔ ይሄን ማየት አልችልም። ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ሮጥ ብዬ አትክልት ሻጯ ጋ ሄድኩና ደቃቅ ደቃቅ ድንች ገዛሁ። ባልዲው ውስጥ ከጎን በኩል አፈሩን ፈልፈል አድርጌ ሸጎጥኩት፣ መልሼ አስተካከልኩት። ደግሞ ይነካካዋል፣ ያገኛል፣ ደስ ይለዋል፣ ለደብዳቤውም እሺ ብሎ ይመልሳል። ሚዛኑንስ? ሚዛኑን መች ረሳሁት። ያን ሁሉ አፈር ውስጥ አንድ ኪሎ ድንች ማን ያውቀዋል ብዬ ነው። ሁለት ጣት ስፌት ውስጥ ስትደብቅ የኖረች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ታስባለች?

ረቡዕ ጠዋት ባልዲው ሚዛን ላይ ወጣ። ባለፈው ሳምንት ውሃ ጠጥቶ አሥራ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ነበር። አሁን አሥራ አራት ኪሎ ከሰባት መቶ ሆነ። አወረደው፣ አወጣው። አሥራ አራት ከሰባት መቶ። ሦስተኛም ያው ነው።

«ፀሐይ መውሰድ ሲገባት ሰጠች» አለ ቀስ ብሎ።

«እሰይ፣ ድንቹ አድጎ ነዋ» አልኩት።

«ድንቹ ከምን ያድጋል? እኔ ከሰጠሁት ውሃና ከዚያው አፈር አይደለም እንዴ? ሳይጠጣ እንዴት ይከብዳል?»

ይሄን እኔ በምን አውቃለሁ? ድንች ሲያድግ ይከብዳል ብዬ ነበር። ሚዛኑን ጠረጠረ። የቆዳ ሻንጣውን አውጥቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አስቀመጠበት፣ እያንዳንዷን ጻፈ። ሚዛኑ እንከን አልነበረበትም። ከዚያ ደብተሩን ይዞ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ወደኋላ እየገለጠ የብርጭቆውን ቁጥር ሲደምር ዋለ። ግራ ገብቶታል፣ ያስታውቃል። እኔን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። የሚጠረጥረው ሰው ቢሆን ኖሮ በዓይኑ ይይዘኝ ነበር፣ ባለሱቆቹን እንዲያ ነበር የሚይዛቸው። እኔን መጠርጠር ግን ጭራሽ አልመጣለትም።

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር። ግን እኔ ብልጥ ነኛ! ላስተካክለው ብዬ፣ ሲወጣ ጠብቄ ከባልዲው ግማሹን ድንች አወጣሁ። ያወጣሁትን የት ላድርገው? እንዲካካስ ብዬ ጆንያው ውስጥ ከተትኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የሚቀጥለው ረቡዕ ባልዲው ፀሐይ ከምትወስደው እጥፍ ቀንሶ፣ ጆንያው ደግሞ ሳይጠጣ ከብዶ ተገኘ።

ግራም እርሳሱን ደብተሩ ላይ አስተኝቶ እጁን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ ዓይን ሐኪም ሄደ፣ ዓይኑ ደህና ነው ተባለ። ሲመለስ እኔ ስፌት ላይ ነበርኩ፤ ቆሞ «ሚዛኑ ደህና ነው፣ ዓይኔም ደህና ነው። የቀረሁት እኔው ነኝ» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«አጠጥቼ እረሳለሁ። ሳላጠጣ አጠጣሁ ብዬ እጽፋለሁ። እማዬ እንዴት እንደጀመራት ታስታውሺያለሽ?»

እንዴት አላስታውስም? እናቱን እስከ መጨረሻው ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ጨው ሁለቴ በመጨመር ጀመራት፣ በሦስተኛው ዓመት ልጇን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ትለው ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን «ኧረ ተው፣ ሁሉም ሰው ይረሳል» የሚል ነው። ከዚያ ድንጋጤው ሲይዘኝ የቀረውን ድንች ከባልዲውም ከጆንያውም ለቅሜ አወጣሁና ቀቀልኩት። በላ። «ጥሩ ድንች ነው፣ ከየት ነው?» አለኝ። «ከገበያ» አልኩት። እውነቴን ነው እኮ፣ ያን ሳምንት ከተናገርኩት ሁሉ እውነት እሷ ብቻ ነበረች።

መልሱ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አገኘሁ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን የማስታወስ ችሎታዬ ስለከዳኝ ለወጣቶቹ የተሳሳተ ነገር እንዳላስተምር እፈራለሁ፣ ይላል። ፖስታው ላይ አድራሻው ተጽፏል።

ግቢ ወጣሁ። ጎማው ውስጥ ያለውን ድንች አፈር እያስታቀፈ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ባልዲው ውስጥ ድንች የከተትኩት እኔ ነኝ። ደስ እንዲልህ ብዬ። ኋላ አወጣሁት፣ ጆንያው ውስጥ ከተትኩት፣ ከዚያ ሁሉንም አውጥቼ ቀቀልኩት። በልተኸዋል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ አዘነልኝ።

«ደብዳቤውን አየሽው» አለ።

«አይቼዋለሁ። ግን የምነግርህ እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ፣ አንቺ እኔን ለማስደሰት የማትዪው ነገር የለም። በየዓመቱ ለዚያች ሴትዮ ያው ነሽ የምትዪ ሰው አይደለሽ? እግዜር ይስጥሽ። ተይኝ ግን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ድንቹን አሳዪኝ ይለኛል ብዬ ነበር፣ የማሳየው የለኝም፣ ቀቅለን በልተነዋል። እንባዬ መጣ። «በእማዬ ይሁንብኝ» ብዬ ማልኩለት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና አፈሩን ማስታቀፍ ቀጠለ።

ከዚያ ተናደድኩ። በራሴም በእሱም። «አንተ ሚዛን መርማሪ አይደለህም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቃል ሰምተህ ነው ማኅተም የምታደርገው? መርምረኛ!»

ይቺ ገባችው። እጁን አራገፈ፣ ተነሳ። ባልዲውን፣ ጆንያውን፣ ሣጥኑን ሦስት ሦስት ጊዜ መዝኖ ጻፈ። «እኔ ቤት ገብቼ በር እዘጋለሁ» አለኝ። «የፈለግሽው ውስጥ የፈለግሽውን ክተቺ። ስንት እንደሆነ አትንገሪኝ፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ እጥፍ አድርገሽ ያዢው።»

አትክልት ሻጯ ጋ ሮጥኩ። መዝናልኝ «ስድስት መቶ አርባ ግራም» አለች፣ ጻፍኩት። እስከዚያ ቀን ነክቼው የማላውቀውን ሣጥን ቆፈር አድርጌ ቀበርኩት፣ ለማሳሳት ደግሞ የባልዲውንም የጆንያውንም አፈር ከላይ ከላይ ነካካሁት። ጠራሁት። ወጥቶ ሦስቱንም መዘነ፣ አወረደ፣ መዘነ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ሣጥኑ ነው» አለ። «ስድስት መቶ ሃያ።»

ወረቀቱን ከፈትኩት። ስድስት መቶ አርባ ይላል። አለቀልን አልኩ በሆዴ። እሱ ወረቀቱን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ ድንቹን አውጥቶ አፈሩን አራገፈና ብቻውን መዘነው። ስድስት መቶ ሃያ።

«ሴትዮዋ ሃያ ግራም ትሰርቃለች» አለ። «ሚዛኗ ይታሸግ።»

ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። እሱም ሳቅ አለ፣ ለአፍታ። ልቡ እንዳልከዳው፣ ደብተሩም ልክ እንደነበረ ገባው። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እያለ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሲገባው አየሁት። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲያው እውነትሽን ነበር» አለኝ። «ያን ሁሉ ቀን ደብተሬን ስደምር እያየሽኝ ነበር።»

«ግራ ገብቶኝ ነው።»

«የእማዬን ነገር ሳነሳብሽ ሁሉም ሰው ይረሳል አልሽኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀጠለና «ጡረታ ስወጣ ሲሸኙኝ ያደረግኩት ንግግር ጥሩ ነበር ብለሽኝ ነበር» አለ። «እሱስ? ደግሞስ አንተ ካላስተማርክ ማን ሊያስተምር ነው ያልሽው? የትኛው ነው እውነቱ?»

ንግግሩ ረዥም ነበር፣ ሰዉ አዛግቷል። የማስተማሩ ነገር ግን ከአንጀቴ ነው። ሁለቱንም እንዳለ ነገርኩት። ንግግርህ ያሰለች ነበር አልኩት፣ ለማስተማሩ ግን ካንተ የሚሻል የለም አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ የባለሱቅ ልመና ሲሰማ እንደሚያደርገው። እፈራለሁ ያለበትን ደብዳቤ ቀደደና በሌላ ወረቀት «እመጣለሁ» ብሎ ጽፎ ራሱ ይዞት ሄደ።

ድንቹ ከሳምንታት በኋላ ወጣ። መደቡ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጎማው ይከተላል፣ ፀጉር አስተካካዩ እስካሁን ይኮራል። በባልዲው፣ በጆንያውና በሣጥኑ አንጻር ደብተሩ ላይ «ውድቅ» የሚል ተጽፏል። ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር ሦስቱም ቦታ አንድ ቃል ነው ያለው፣ «ባለቤቴ» ይላል። ቀለሙን አላደመቀውም፣ እንደ ሌላው ቁጥር በእርሳስ ነው የጻፈው።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ይወዱታል ብላ ጸሐፊዋ ነግራኛለች፣ እሷ አትዋሽም። እኛም ደህና ነን፣ አንጣላም፣ አብረን እንበላለን፣ እንጫወታለን። ማታ የተማሪዎቹን ስህተት እያነሳ ያስቀኛል። ጠዋት ሊወጣ ሲል እስከ በር እሸኘውና «ኮቱ አምሮብሃል» እለዋለሁ፣ ከልቤ ነው የምለው። እሺ ይለኛል፣ ከዚያ ተመልሶ ገብቶ መስታወት ያያል። ድሮ አያይም ነበር።